ቤቱን ትተው ሰውየውን የሚያሞቁበት አገር

ጃፓን ውስጥ ብርድ ሰውን የሚያገኘው መንገድ ላይ አይደለም፤ ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ነው። ባቡሩ ከመቀመጫው ሥር ማሞቂያ ስላለው ተሳፋሪው ባቱ እየጋለ እንቅልፍ ይወስደዋል። የገበያ አዳራሹ ካፖርት ለብሶ የገባን ሰው ያልበዋል። ቢሮው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ጥግ ላይ ያለችው ሌት ተቀን የማትዘጋ ሱቅ ሳይቀሩ ይሞቃሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰውየው የቤቱን በር ከፍቶ ወደ ጨለማው መግቢያ ሲዘልቅ ትንፋሹ በገዛ ቤቱ ውስጥ እንደ ጭስ ሲወጣ ያየዋል።

ኪዮቶ የተከራየሁት ቤት በከተማው ሰው አጠራር ማቺያ የሚባለው ዓይነት ነበር፤ ፊቱ ጠባብ፣ ወደ ውስጥ ግን እየረዘመ የሚሄድ፣ ድሮ ነጋዴዎች ይኖሩበት የነበረ የእንጨት ቤት። የገባሁበት በመስከረም ነው። ወለሉ ላይ የተነጠፈው ታታሚ የሚባል ምንጣፍ የደረቅ ሣር ሽታ አለው። ክፍሎቹን የሚለያዩት በወረቀት የተለበጡ ተንሸራታች በሮች ናቸው፤ ከጓሮው ትንሽ አትክልት ቦታ የሚመጣው ብርሃን በወረቀቱ አልፎ ሲገባ ለዓይን ያርፋል። በዚያ ወር ለአገር ቤት ወዳጆቼ የላክሁት ፎቶ ሁሉ የዚያ ብርሃን ፎቶ ነበር። ታኅሣሥ ሲጋመስ ግን ብርሃኑ በገባበት ሁሉ ንፋሱም ይገባ ጀመር። በሩ ከመቃኑ ጋር አይገጥምም። የወለሉ ሳንቃዎች እርስ በርስ አይገናኙም። ከበሮቹ በላይ ለአየር መተላለፊያ ተብሎ የተፈለፈለው ውብ እንጨት የሞቀውን አየር ሁሉ ወደሚቀጥለው ክፍል ያሳልፋል፤ እዚያም ይጠፋል።

በጥር ማለዳ ወጥ ቤት ያስቀመጥሁት ቴርሞሜትር አራት ዲግሪ ያሳያል። የወይራ ዘይቱ ጠርሙሱ ውስጥ ረግቷል። እርጥብ የተሰቀለው ፎጣ እርጥብ እንደሆነ ውሎ ያድራል። ውጭው በዚያው ሰዓት ሁለት ዲግሪ ነው። በውስጥና በውጭ መካከል ያለው ልዩነት ይህችው ከሆነች፣ ግድግዳው ሥራው ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይፈረድበትም።

መልሱ የቆየ ነው ይላሉ። ዮሺዳ ኬንኮ የተባለ መነኩሴ በ1330 ገደማ (እዚህ የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጻፈው «ትሱሬዙሬጉሳ» በተባለ መጽሐፍ፣ ቤት የሚሠራ ሰው ማሰብ ያለበት የሙቀቱን ወራት ነው ብሎ ይመክራል፤ በብርዱ ጊዜ ሰው የትም ይሁን የት እንደምንም ይኖራል ባይ ነው። ጃፓን ውስጥ የቤት ብርድ ሲነሣ ይህን መነኩሴ ጠቅሶ ነገሩን የሚዘጋ ሰው አይጠፋም።

ኬንኮ የኪዮቶን ነሐሴ የሚያውቅ ሰው ነበር። ከተማዋ በሦስት ወገን ተራራ የከበባት ሸለቆ ናት፤ በዚያ ወር ሙቀቱ ሠላሳ አምስት ዲግሪ ሲደርስ እርጥበቱ ልብስን ከገላ ጋር ያጣብቃል፤ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ የቆዳ ጫማ ይሻግታል። እንጨትም ሰውም እንዳይበሰብስ ቤቱ መተንፈስ አለበት። ስለዚህ ምሰሶዎቹ ድንጋይ ላይ ይቆማሉ፤ ወለሉ ከመሬት ከፍ ይልና ከሥሩ ንፋስ ይመላለስበታል። ጣሪያውን የሚሸከሙት ምሰሶና አግዳሚ ስለሆኑ ግድግዳ የሚባለው ነገር ብዙውን ጊዜ ተነቅሎ የሚነሣ በር ነው። በሮቹን አንሥቶ ቤቱን ከፊት እስከ ጓሮ አንድ ሰፊ ዳስ ማድረግ ይቻላል። ለነሐሴ ከዚህ የተሻለ ብልሃት አላየሁም። ዋጋው የሚከፈለው በጥር ነው።

ሆኖም ለዛሬው ብርድ ሁሉ መነኩሴውን መክሰስ ግፍ ነው። ጃፓናውያን በብዛት የሚኖሩት እንደኔ ባለ አሮጌ ማቺያ ውስጥ አይደለም። የሚኖሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጥድፊያ በተሠሩ ቤቶችና አፓርታማዎች ነው። እነዚህ ቤቶች አይተነፍሱም፤ የኬንኮን ምክር ጥለውታል። ግን ሙቀትም አይይዙም። ግድግዳቸው ስስ፣ መስኮታቸው አንድ መስታወት፣ የመስኮቱ ክፈፍ ደግሞ አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም የቤቱን ሙቀት ተቀብሎ ወደ ውጭ ለማሳለፍ ፈጣን ነው። መንግሥት ለመኖሪያ ቤቶች የመጀመሪያውን የኃይል ቁጠባ መመዘኛ ያወጣው በ1980 ነው፤ በ1992 እና በ1999 አጠበቀው። ነገር ግን ምክር እንጂ ግዴታ ስላልነበረ የፈለገ ተከተለው፣ ያልፈለገ ተወው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአገሪቱ የመሬትና የትራንስፖርት ሚኒስቴር ባወጣው ግምት፣ ሰው ከሚኖርባቸው ቤቶች የ1999ኙን መመዘኛ የሚያሟሉት ከአሥር አንድ ገደማ ናቸው።

ገንዘቡም አለበት። በግብር ሕጉ የእንጨት ቤት ዕድሜው 22 ዓመት ነው። ገበያውም ይህንኑ ተከትሎ ከሃያ ዓመት በላይ የሆነውን ቤት ዋጋ የለሽ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ የሚሸጠው መሬቱ ነው፤ ቤቱ ፈርሶ ሌላ ይሠራል። ነገ ለሚፈርስ ግድግዳ ማን ጥጥ ይጠቀጥቃል? በእኔ ግምት ከመነኩሴው ምክር ይልቅ ይህ ስሌት ብዙ ሰው አስበርዷል።

የቤቴ ባለቤት ከጎን ባለው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሰማንያ ያለፋቸው ሴት ነበሩ። ተከራይ ሁሉ እንደሚጠራቸው እኔም ኦያሳን እላቸው ነበር። አንድ ማታ ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ ጓንት እንዳጠለቅሁ የቤት ኪራይ ይዤላቸው ስሄድ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና ፖስታውን ሳይቀበሉ፣ «ግባ፤ እግርህን አስገባ» አሉኝ። እግር የሚገባው ኮታትሱ ውስጥ ነው።

ኮታትሱ ከጉልበት የማያልፍ አጭር ጠረጴዛ ነው። ከሆዱ ሥር ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተገጥሞለታል። በጠረጴዛው እግሮችና በላዩ ገበታ መካከል ወፍራም ብርድ ልብስ ተዘርግቶ አራቱንም ጎን ሸፍኖ ወለል ድረስ ይወርዳል። ሰው መሬት ላይ ይቀመጥና እግሩን ወደ ውስጥ ሰድዶ ብርድ ልብሱን እስከ ወገቡ ይጎትታል። በዚያች ቅጽበት ከወገብ በታች አፋር፣ ከወገብ በላይ ደብረ ብርሃን ነው። ጀርባ ይቀዘቅዛል፣ አፍንጫ ይቀላል፣ የእግር ጣት ግን በደስታ ይፍታታል። ደም ከታች ሞቆ ወደ ላይ ስለሚወጣ ትንሽ ቆይቶ ትከሻም ይላላል። ኦያሳን ጀርባዬን አይተው ሃንተን የሚሉትን ጥጥ የተጠቀጠቀበት አጭር ካባ ደረቡልኝ፤ መንደሪን ገፉልኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ኪራዩ የተነሣ ነገር የለም።

ይህ ዕቃ ከድሮው የመሬት ምድጃ የተወለደ ነው። በሙሮማቺ ዘመን፣ ማለትም ከ14ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ፣ በወለሉ ላይ በተቆፈረው ምድጃ ያለውን ፍም አመድ ያለብሱትና በላዩ የእንጨት ርብራብ አቁመው ብርድ ልብስ ይጥሉበት ነበር። ፍሙ የኤሌክትሪክ እስኪሆን ብዙ መቶ ዓመት ፈጀ። ቶሺባ በ1957 ማሞቂያውን ከጠረጴዛው ሆድ ሥር ገጥሞ ለገበያ ሲያወጣው እግር ከፍም ጋር መጋጨቱ ቀረ፤ ጠረጴዛውም በየቤቱ ገባ። የሚበላው ኤሌክትሪክ ከአንድ የውሃ ማፍያ ጀበና ያነሰ ነው። ከክፍሉ ውስጥ አንዲት ብርድ ልብስ የምትሸፍነውን ያህል አየር ብቻ ስለሚያሞቅ ከዚያ በላይ አያስፈልገውም።

ጃፓናውያን ኮታትሱን ሲያወሩ የሚያነሡት ሙቀቱን ሳይሆን መነሣት አለመቻሉን ነው። በሩ ይንኳኳል፤ ማን ይሂድ? ሻይ አለቀ፤ ማን ይቅዳ? በየቤቱ ትንሹ ልጅ ተላላኪ ይሆናል። እግር ከእግር ይጋጫል፣ በዝምታ ድንበር ይካለላል። ቤቱ በሙሉ ቀዝቃዛ ስለሆነና የሞቀው አንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ የተጣላም የተኳረፈም እዚያው ይሰበሰባል፤ ቴሌቪዥን ያያል፣ መንደሪን ይልጣል፣ ተጋድሞ እንቅልፍ ይወስደዋል። እዚያው ማደር ግን ነውር ብቻ ሳይሆን ለጤናም አይበጅም፤ ሰውነት ውሃው ይመጠጥና በማግስቱ ጉሮሮ ደርቆ ራስ እየፈለጠ መነሣት አለ። ኦያሳን ዓይኔ ሲከደን ካዩ ጠረጴዛውን በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጉ ነበር።

ሌላው ሁሉ የዚሁ አሳብ ዘመድ ነው። ካይሮ የምትባለዋ ትንሽ ከረጢት ውስጧ የብረት ዱቄት ነው፤ ማሸጊያዋ ተቀድዶ አየር ሲነካት ብረቱ ይዝግና ሲዝግ ይሞቃል። ሰው ኪሱ ውስጥ ይከታታል፤ የሚጣበቀውን ዓይነት ደግሞ ከካናቴራው ላይ፣ ወገቡ አካባቢ ይለጥፋታል። ዝገት ይህን ያህል ጥቅም ላይ የዋለበት ሌላ አገር መኖሩን እንጃ። ማታ ዩታምፖ አለ፤ የፈላ ውሃ ተሞልቶ በጨርቅ የተጠቀለለ ኮዳ፣ ፍራሽ ውስጥ ከእግር ጋር የሚያድር። ሽንት ቤቱ ደግሞ ይለያል። ቶቶ የተባለው ኩባንያ በ1980 ዎሽሌት ብሎ ያወጣው መቀመጫ ራሱ ይሞቃል፣ በሞቀ ውሃ ያጥባል። ክፍሉ አምስት ዲግሪ ሆኖ መቀመጫው ሠላሳ አምስት ዲግሪ ነው። አገሩ ስለ ማሞቂያ ያለውን አመለካከት ለመረዳት መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልግም፤ ጥር ላይ ሽንት ቤት መግባት ይበቃል።

ሰፋ ያለ ክፍል ማሞቅ የፈለገ ላምባ ይገዛል። ወደ ማታ ገደማ ላምባ የጫነች ትንሽ መኪና የልጆች መዝሙር በድምፅ ማጉያ እያሰማች በየመንደሩ ቀስ ብላ ታልፋለች፤ ሰውም ጄሪካኑን ይዞ ይወጣል። ጄሪካኑ 18 ሊትር ይይዛል። በቶኪዮ ወገን ቀይ ነው፣ በኪዮቶና በኦሳካ ወገን ሰማያዊ። ላምባው በእጅ ፓምፕ ወደ ምድጃው ይቀዳል፤ ማራገቢያ ያለው ምድጃ ክፍሉን በአምስት ደቂቃ ያነቃዋል፤ የድሮው ዓይነት ላይ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ይጣዳል፣ ስኳር ድንች ይጠበሳል። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ግን ጭሱ የሚቀረው እዚያው ክፍል ውስጥ ስለሆነ በየሰዓቱ መስኮት ከፍቶ አየር ማስገባት ግድ ነው። እንግዲህ ለማሞቅ መክፈት፣ ከፍቶ ማቀዝቀዝ፣ እንደገና ማሞቅ። ቤቱ ውስጥ ሆኜ ይህን ስደጋግም መንገደኛ ቢያየኝ ምን ይል ነበር?

ላምባ ሲነድ ውሃም ይወልዳል፤ አንድ ሊትር ላምባ ከአንድ ሊትር ያላነሰ ውሃ ተን አድርጎ አየሩ ላይ ይለቅቃል። ያ እንፋሎት ሌሊት ቀዝቃዛውን መስታወት ሲያገኝ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ የጃፓን የብርድ ማለዳ የሚጀምረው መስኮት በመጥረግ ነው። ጨርቅ ይዞ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ የክፈፉን ቦይ፣ ከዚያ መጋረጃው የረጠበበትን ጫፍ። ያልጠረገ ሰው ወር ሳይሞላው ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ጥቁር ሻጋታ ያገኛል። ብልሆቹ ዕቃ የሚታሸግበትን፣ አየር የተሞሉ ፊኛዎች ያሉትን ፕላስቲክ በመስታወቱ ልክ ቆርጠው በውሃ ይለጥፉበታል። መልኩ ቤት ለመልቀቅ የተሰናዳ ሰው ያስመስላል፤ ግን ይሠራል። እኔም ለጥፌ ብርሃኔን አጣሁ።

አሁን ወደ መታጠቢያው እንምጣ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። ጃፓናዊ ገላውን የሚታጠበው ከገንዳው ውጭ ነው፤ ታጥቦ ከጠራ በኋላ እስከ አንገቱ በሚደርስ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ውሃው 40 ወይም 42 ዲግሪ ነው፤ ቤተሰቡ በተራ ይገባበታል፣ በየመካከሉም እንዳይቀዘቅዝ ክዳን ይደፋበታል። በብርድ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተሸማቅቆ የዋለ ሰው አጥንቱ ድረስ የሚሞቅበት ብቸኛ ሰዓት ነው፤ አልጋ ውስጥም የሚገባው ያን ሙቀት ይዞ ነው። ከጃፓን የቤት ሕይወት አንድ ነገር ይዤ ልምጣ ብባል ይህን ገንዳ እመርጥ ነበር።

ገንዳው ሰው ይገድላልም። ከገንዳው በፊት ልብስ የሚወለቅበት ትንሽ ክፍል አለ፤ ማሞቂያ የሌለው፣ ብዙ ጊዜ በሰሜን በኩል ያለ። አረጋዊው ከሞቀው ሳሎን ተነሥቶ በቀዝቃዛው ኮሪደር አልፎ እዚያ ራቁቱን ሲቆም የደም ሥሩ ይኮማተራል፣ የደም ግፊቱ ያሻቅባል። ወዲያው ሙቁ ውሃ ውስጥ ሲገባ የደም ሥሩ ይከፈትና ግፊቱ ይወርዳል። ራሱን ይስታል፤ አፍንጫው ከውሃው በታች ይሆናል። ጎረቤት አይሰማም፤ ድምፅ የለውምና። የቶኪዮ የአረጋውያን ጥናት ተቋም በ2011 በዚህ መንገድ ከመታጠብ ጋር ተያይዞ 17 ሺህ ገደማ ሰው እንደሞተ ገምቷል፤ በዚያ ዓመት በመኪና አደጋ ከሞተው ሰው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። የሸማቾች ጉዳይ ባለሥልጣን በየዓመቱ ብርዱ ሲገባ ውሃው ከ41 ዲግሪ እንዳይበልጥ፣ ንከራውም ከአሥር ደቂቃ እንዳያልፍ፣ ልብስ መቀየሪያውም አስቀድሞ እንዲሞቅ ያሳስባል።

ኦያሳን የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ገንዳ ከመግባታቸው በፊት ሌላ ከተማ ለምትኖር ልጃቸው ይደውላሉ፤ ሲወጡም ይደውላሉ። ሁለተኛው ስልክ ከዘገየ ልጅቱ ለእኔ ትደውላለች። አንድ ማታ እንዲሁ ስልኬ ጮኾ በባዶ እግሬ ሮጥሁ፤ በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው ነበሩ፣ ፀጉራቸው በፎጣ ተጠቅልሎ። ልጃቸው ዘንድ መደወሉን ዘንግተው ኮታትሱ ውስጥ ተኝተው ነበር። ሳቁና፣ «ባለቤቴ የሞተው እዚያው ነው» ብለው ወደ መታጠቢያው በአገጫቸው አሳዩኝ። ከዚያ በፊት አንድም ቀን ነግረውኝ አያውቁም።

በሰሜን፣ በሆካይዶ ደሴት ያለችውን ሳፖሮን ያየሁት በዚያው ብርድ ውስጥ ነው። ውጭው ከዜሮ በታች ስምንት ዲግሪ፣ በረዶው ከወገብ በላይ ነበር፤ ያለኝን ልብስ ሁሉ ደርቤ ሄድሁ። ያረፍሁበት ቤት አባወራ በቲሸርት ተቀበለኝ። ልጆቹ በባዶ እግራቸው አይስክሬም እየበሉ ነበር። መግቢያው ሁለት በር አለው፤ የመጀመሪያው ሳይዘጋ ሁለተኛው አይከፈትም። መስኮቱ ድርብ ነው። የላምባው በርሜል ደጅ ተተክሏል፤ የምድጃው ጭስ በቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ኮሪደሩም፣ ልብስ መቀየሪያውም፣ ሽንት ቤቱም ከሳሎኑ ጋር እኩል ሞቀዋል። ኮታትሱ የታለ ብዬ ስጠይቅ ባልና ሚስቱ ተያዩ። ቶኪዮ የሚማረው የበኩር ልጃቸው ስልክ ሲደውል የሚያማርረው ስለ ቶኪዮ ብርድ መሆኑን ነገሩኝ።

ሆካይዶ እዚህ የደረሰችው በዕድል አይደለም። በ1953 ለዚያች ደሴት ብቻ የወጣ፣ ብርድን የሚቋቋሙ ቤቶች እንዲሠሩ የሚያበረታታ ሕግ ነበር። ደሴቲቱ ከኪዮቶ በመጣ ቤት እንደማይኖርባት ሁሉም ስላወቀ ግንበኛውም፣ ባንኩም፣ መንግሥቱም በአንድ ወገን ቆሙ። ውጤቱ በቁጥር ይታያል። ከሁለት ሺህ በላይ ቤቶችን የለካና በ2020 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት፣ በብርድ ወራት የሆካይዶ ሳሎኖች አማካይ ሙቀት 19.8 ዲግሪ ሆኖ ከሁሉ የበለጠ እንደሆነ አሳይቷል። መጨረሻ የወጣችው ካጋዋ ናት፤ 13.1 ዲግሪ። ካጋዋ በሺኮኩ ደሴት ያለች፣ የአየሩ ልስላሴ የሚወደስላት ክፍለ ሀገር ናት። የመላው ጃፓን ሳሎን በአማካይ 16.8፣ ልብስ መቀየሪያው 13፣ መኝታ ቤቱ 12.8 ዲግሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ እንዳይወርድ ይመክራል።

የሞቱም ነገር በዚሁ መንገድ ይሄዳል። በ2014 የሕዝብ መረጃ መሠረት በብርድ ወራት የሚሞተው ሰው ከሌላው ወራት የሚበልጠው በሆካይዶ በአሥር ከመቶ ገደማ ነው፤ ከአገሪቱ ዝቅተኛው። ከቶኪዮ በስተሰሜን ባለችው በቶቺጊ ሃያ አምስት ከመቶ ይደርሳል። ብርዱ በረታ በተባለበት ሰው ይተርፋል፤ ብርዱ ቀላል ነው በተባለበት ይሞታል። ጠላት ነው ብሎ የተዘጋጀለትና «እንደምንም ያልፋል» ብሎ የተወው ልዩነቱ ይኸው ነው።

ቶኪዮ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ሰብሰብ ብለው የሚኖሩት ካትሱሺካ በተባለው ወረዳ፣ ዮትሱጊ አካባቢ ነው። ከሳፖሮ ስመለስ አንድ እሑድ እዚያ ቡና ተጠራሁ። ጨዋታው ወዲያው ብርድ ላይ ወደቀ። እኛ የደጋ ልጆች ብርድ እናውቃለን ብለን ነው የምንሄደው፤ ታኅሣሥ ሌሊት አዲስ አበባም በጋቢ ላይ ጋቢ ያስደርባል፣ ቤታችንም ማሞቂያ የሚባል ነገር አያውቅም። ግን የአዲስ አበባ ብርድ ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ስትበረታ ይረታል፤ ሰው ደጅ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ይሞቃል። የጃፓኑ እስከ መጋቢት አይለቅቅም። ቡናውን ከሚያፈሉት አንዷ፣ ብዙ ዓመት የኖረች፣ ለአዲስ መጦች መጀመሪያ የምትነግረው ነገር አላት፤ ከሰል። ጠባብ አፓርታማ፣ የተዘጋ መስኮት፣ ለቡናም ለሙቀትም ተብሎ የተቀጣጠለ ከሰል ሽታ በሌለው መርዝ ቤተሰብ ሊጨርስ ይችላል። አገር ቤትም የስንቱን ቤት እንደዘጋ እናውቃለን። የእርሷ ጀበና በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው የሚፈላው፤ ዕጣኑ ብቻ ነው ፍም የሚያገኘው፣ እርሱም መስኮት ተከፍቶ።

ነገሩ መለወጥ ጀምሯል። ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ በጃፓን አዲስ የሚሠራ ቤት ሁሉ የኃይል ቁጠባ መመዘኛውን እንዲያሟላ በሕግ ግዴታ ሆኗል። መመዘኛው ከ1999ኙ ብዙም ያልራቀ ነው፤ ለሃያ ስድስት ዓመት ምክር የነበረው ሕግ ሆነ እንደ ማለት ነው። ለነባሮቹ ቤቶች ደግሞ መንግሥት ከ2023 ጀምሮ መስኮት ለሚያስለውጥ ሰው እስከ ወጪው ግማሽ የሚደርስ ድጎማ ይሰጣል። ከሁሉ የሚቀልለው ካለው መስኮት በስተውስጥ ሌላ መስኮት መትከል ነው፤ በመካከላቸው የቀረው አየር ሙቀቱን ያስቀራል፤ ለአንድ መስኮት አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል። ችግሩ ተከራይ ይህን ማድረግ አይችልም፤ አከራይ ደግሞ ብርዱ የእርሱ አይደለም። ኦያሳን ግን አከራይም የሚበርዳቸውም ራሳቸው ስለነበሩ አስተከሉ፤ በራሳቸው ሳሎንና በመታጠቢያቸው አጠገብ ባለው ክፍል። ሠራተኞቹ ከምሳ በፊት ጨርሰው ሄዱ። በማግስቱ ሲያገኙኝ ያሉኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሃምሳ ዓመት ምን ስጠብቅ ኖርሁ?»

ስለ ኮታትሱ የሚጽፉ የውጭ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ጥበብ ነው ይላሉ፣ ቁጠባ ነው፣ ቤተሰብን ይሰበስባል ይላሉ። እኔም ከዚያ ብርድ ልብስ ሥር እንደወጣ ሰው ሁሉንም እመሰክራለሁ። ሰውየውን ብቻ ማሞቅ ለጎልማሳ ይበቃል፤ ኃይል ይቆጥባል፣ ኪስም አይጎዳም። ግን ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሴት በሌሊት ተነሥተው ስድስት ዲግሪ በሆነ ኮሪደር ሲሄዱ ኮታትሱው አብሯቸው አይሄድም። መቻልን የሚያወድስ አገር፣ መቻል ያቃታቸውን በጸጥታ ይቀብራል። ኬንኮ የተናገረው የመስኮት መስታወትና የሙቀት ማገጃ ባልነበረበት ዘመን ነው፤ ዛሬ ሁለቱም ከሰፈር ሱቅ ይገዛሉ።

ወደዚያ ለትምህርት ወይም ለሥራ የምትሄዱ አላችሁና ጥቂት ልንገራችሁ። ቤት ስትመርጡ የቤቱን መልክ ሳይሆን የተሠራበትን ዓመት ጠይቁ። ዋናው ክፍል ፊቱ ወደ ደቡብ የዞረ፣ ከላይና ከታች ሌላ ሰው የሚኖርበት አፓርታማ ይሻላል፤ የጎረቤት ሙቀት በነጻ ነው። መስኮቱን በጣታችሁ ነክታችሁ ድርብ መሆኑን ተመልከቱ። ኮታትሱ አዲስ አትግዙ፤ በየካቲትና በመጋቢት ተማሪዎች አገር ሲቀይሩ በርካሽ ይሸጡታል። ሽማግሌ ጎረቤት ካላችሁ መቼ እንደሚታጠቡ እወቁ። ከሰል ግን በዝግ ቤት ውስጥ፣ ለቡናም ቢሆን፣ አታቀጣጥሉ።